መድኃኒቱ ደረሰ ወይ?

የአባቴ ሙት ዓመት የታሰበ ዕለት ማታ ነው። እንግዳው ሁሉ ሄዷል፤ የሰፈሩ ልጆች ድንኳኑን አፍርሰው ብረቱን ግቢው ጥግ ላይ ከምረውታል። እኔ ለሙት ዓመቱ ከቺካጎ ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው። እዚያ በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሐኪም ያዘዘውን ኬሞ ለክቼና በጥብጬ ለነርሶች አስረክባለሁ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ቤቱ ጭር ሲል መነጽራቸውን አደረጉና ከአሮጌ የማስተማሪያ ደብተራቸው መካከል አራት ቦታ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። ያን ማታ የተነጋገርነውን በእሳቸው ፈቃድ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ እስቲ ይቺን አንብቢያት። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የወጣች ናት፤ የቆረጥኳት ግን ከቀበርነው በኋላ ነው።

እኔ፦ የአንጎል ካንሰር በወርቅ ናኖ ቅንጣት ሊታከም ነው የሚል ዜና ነው።

ጋሼ፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የከረምኩት። ሙከራው ቺካጎ ተደረገ ይላል። አንቺ ያለሽው ቺካጎ፣ ወንድሜም የታከመው ቺካጎ። ታዲያ ይህን ነገር ለምን አላገኘም? ቢያገኝስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ?

እኔ፦ ጋሼ፣ ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የበሽታውን ስም ልነግርዎት ይገባል። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

ጋሼ፦ «ትንሽ ዕጢ ናት፣ ትወጣለች» ነበር ያልሽኝ በስልክ።

እኔ፦ ወጥታለችም። ግሊዮብላስቶማ የሚባል ካንሰር መሆኗን ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው ሳምንት አውቀን ነበር። መርዶ እንኳ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እርስዎ ብቻዎን ተቀምጠው በስልክ እንዴት ልንገርዎት ብዬ ደበቅኩ። ዛሬ ሳስበው ጥፋቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ፦ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። አንድ ቀን ደውሎልኝ ስናወራ «ያቺን… ያቺን የሾርባዋን አቀብሉኝ» አለ ወደ ቤት ዞሮ። ማንኪያ የሚለው ቃል ጠፍቶበት ነው። እኔ ደግሞ «አሜሪካ አማርኛ አስረሳህ» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም አብሮኝ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ። ስሙን ባውቅ ኖሮ አልስቅም ነበር።

እኔ፦ ዕጢዋ በግራ በኩል፣ ቃል በሚወጣበት የአንጎል ክፍል አጠገብ ነበረች። ማንኪያውን ያውቀዋል፣ ለምን እንደሚፈልገውም ያውቃል፤ ስሙ ነው አልመጣ ያለው። የእርስዎ ሳቅ አልጎዳውም ጋሼ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ወንድሜ ዛሬ ደስ ብሎታል» ነው ያለኝ።

ጋሼ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) እሺ። አሁን እኔን እንደ ተማሪ ቁጠሪኝ። ሳትደብቂ አስተምሪኝ።

እኔ፦ ግሊዮብላስቶማ በአዋቂዎች ላይ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሡት ካንሰሮች መካከል በብዛት የሚታየውና የከፋው ነው። የሚያድገው እንደ ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከላይ ቢነቅሉት ሥሩ በየአቅጣጫው ከአፈር ስር ሄዷል። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ያወጣል፤ ሥሩ ግን ጤነኛው አንጎል ውስጥ ሳይታይ ገብቷል። ማሳ ቢሆን ጠልቆ ይቆፈራል። አንጎል ላይ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ማለፍ እጅን ወይም አንደበትን ማሳጣት ነው።

ጋሼ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ሰጡት?

እኔ፦ ስድስት ሳምንት ጨረር፣ ከጨረሩ ጋር በየቀኑ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ቴሞዞሎማይድ የሚባል ካፕሱል፣ ከዚያ በኋላ ካፕሱሉን በየ28 ቀኑ አምስት አምስት ቀን። ይህ አሰጣጥ የጸናው በ2005 በወጣ ትልቅ ጥናት ነው። ጨረር ብቻ ከታከሙት ግማሾቹ 12.1 ወር ሳይሞላቸው አረፉ። ካፕሱል ሲጨመር ይኸው ቁጥር 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ዓመት የደረሱት ደግሞ ከመቶ 10 ያህል የነበሩት ወደ 26 ከፍ አሉ። አባዬ አሥራ ስድስት ወር ኖሯል።

ጋሼ፦ ሁለት ወር ተኩል ጭማሪ! ለዚህ ነው ትልቅ ጥናት የተባለው?

እኔ፦ ከዚያ በፊት ለዓመታት የተሞከረው ሁሉ ይህን ያህል እንኳ አልጨመረም። አባዬ በእነዚያ ወራት የልጄን ክርስትና በልቷል፣ ስሙንም ራሱ አውጥቷል። አይናቅም፤ አይበቃም ደግሞ።

ጋሼ፦ በየዓመቱ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ወጣ ሲባል እሰማለሁ። ለጡት፣ ለደም፣ ለሳንባ የሚሠራው ለአንጎል ሲሆን ለምን ይሰንፋል?

እኔ፦ ከእነዚያ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የዕጢው ህዋስ ሳህን ላይ ተደርጎ ሲፈስበት ይገድሉታል። ሰው ውስጥ ሲሆን ግን አይደርሱበትም። ይህን ያጋለጠው ሙከራ ኬሚስትሪ ለሚወድ ሰው የተሠራ ይመስላል። በ1885 ፓውል ኤርሊኽ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ጨመረ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባ ሁሉም ቀለሙን ጠጡ። አንጎሉ ብቻ እንደነበረ ቀረ።

ጋሼ፦ ቀለሙን የሚይዝ ነገር አንጎል ውስጥ የለማ።

እኔ፦ ኤርሊኽም ያሰበው ይህንኑ ነው። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን ግን በ1913 ነገሩን ገለበጠው። ትራይፓን ሰማያዊ የተባለውን ቀለም ደም ውስጥ ከመጨመር ይልቅ፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በሚዋኙበት ፈሳሽ ውስጥ በቀጥታ ጨመረው። አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ፤ የቀረውን ሰውነት ግን አልነካውም።

ጋሼ፦ እንግዲያው አንጎል ቀለም ይይዛል! በደሙና በእሱ መካከል አጥር ስላለ ነው። አይ! ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር ጡረታ መውጣቴ ቆጨኝ። እና አጥሩ ምንድን ነው?

እኔ፦ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ነው። በሌላው ሰውነታችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ቀጫጭን ደም ሥሮች በግድግዳቸው ህዋሳት መካከል ክፍተት ስላለ ወንፊት ይመስላሉ። የአንጎሎቹ ግን ወተት እንደማያፈስ ስፌት ጥብቅ ናቸው። በ1967 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ የግድግዳው ህዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በመካከላቸው ማለፊያ እንደሌለ ታወቀ። ሾልኮ የገባ መድኃኒት ቢኖር እንኳ፣ ግድግዳው ላይ ያሉ ፓምፖች መልሰው ወደ ደም ይተፉታል። ስኳር የራሱ መግቢያ አለው፣ ብረትም የራሱ አለው። ከተቀረው አብዛኛው ውጭ ይቀራል። ደም ሥሮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ቢቀጣጠሉ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ።

ጋሼ፦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን ያልፋል! ያን ሁሉ መንገድ መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ህዋስ ደጃፍ እያለፈ አንኳኩቶ ይመለሳል ማለት ነው።

እኔ፦ እንደሱ ነው።

ጋሼ፦ ዕጢው ግን የራሱን ደም ሥር ያበቅላል ሲባል ሰምቻለሁ። እነሱም ጥብቅ ናቸው?

እኔ፦ መሃል ላይ ያሉት ጥብቅ አይደሉም፤ በጥድፊያ የተሠሩ ስለሆኑ ያፈሳሉ። ለኤምአርአይ በደም ሥር የሚሰጠው ማድመቂያ ዕጢው ላይ ቦግ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ዳር ዳሩን ግን፣ ሰርዶው ሥሩን የሰደደበት ቦታ ላይ፣ አጥሩ እንዳለ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ኬሞ በደንብ የሚደርሰው በቢላዋ ወደሚወጣው ክፍል ነው። ከቢላዋ የሚያመልጠው ከአብዛኛው ኬሞም ያመልጣል።

ጋሼ፦ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።

እኔ፦ መሃሉ ቀዳዳ አለው፣ ሐኪሙም ያወጣዋል። ዳሩ ቀዳዳ የለውም፣ ሐኪሙም አይነካውም። ዕጢው ተመልሶ የሚያድገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከተቆረጠበት ዳር ነው። አባዬን የወሰደው ያ ዳር ነው።

ጋሼ፦ ገባኝ። ናኖው ታዲያ በየት ይገባል? ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ መሆኑን እንኳ እኔም አስተምር ነበር።

እኔ፦ እስቲ ያስሉልኝ። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ጋዜጣ ላይ ያለው የወርቅ ቅንጣት 13 ናኖ ሜትር ነው።

(ጋሼ እርሳሳቸውን አውጥተው የጋዜጣው ጠርዝ ላይ አካፈሉ።)

ጋሼ፦ በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ከ6,000 በላይ ይደረደራሉ። ይህን ያህል ካነሰ በየትም ያልፋላ።

እኔ፦ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተራው የኬሞ ሞለኪውል ከዚህም ያንሳል፤ ግን አብዛኛው አያልፍም። የናኖ ቅንጣት ጥቅሙ ጭነት መያዙ ነው። ሆዱ ውስጥ መድኃኒት ይጫናል፤ ላዩ ላይ የተፈለገው ምልክት ይለጠፋል። ለምሳሌ ብረትን ወደ አንጎል የሚያስገባው ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚቀበለው በር አለው። የዚያን ፕሮቲን ምልክት ቅንጣቱ ላይ ለጥፎ በዚያው በር ለማስገባት የሚሞክሩ ብዙ ተመራማሪዎች አሉ።

ጋሼ፦ አንቺ በእጅሽ የያዝሽው ናኖ መድኃኒት አለ?

እኔ፦ አለ። ዶክሶሩቢሲን የሚባል እንደ ቀይ ሽሮፕ የቀላ ኬሞ አለ፤ ልብ ይጎዳል። እሱን 100 ናኖ ሜትር እንኳ በማይሞላ የስብ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ዶክሲል አሉት። ሥራው በአብዛኛው ኢየሩሳሌም፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና በሃዳሳ የተሠራ ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ከኤድስ ጋር ለሚመጣው የካፖሲ ሳርኮማ ተፈቀደ፤ ከናኖ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ነው። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ። የአንጎልን አጥር ግን እሱም ብቻውን በሚያስፈልገው መጠን አያልፍም።

ጋሼ፦ የቀረው የት ይሄዳል?

እኔ፦ ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል፤ የባዕድ ቅንጣት ማጽዳት ሥራቸው ነው። በ2016 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ቆጠሩ፤ ጥናቶቹ በእንስሳት ላይ፣ በልዩ ልዩ የዕጢ ዓይነቶች የተሠሩ ናቸው። ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው፣ መካከለኛው ቁጥር ሲታይ፣ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ፦ ከ1,000 ቅንጣት 7! እንዲህ ያለውን ውጤት ተማሪ ይዞ ቢመጣብኝ አባቱን አስጠራ ነበር።

እኔ፦ ብዙ ሰው በዚያ ቁጥር ተከፋ። እኔ ግን ያከበርኩት ሥራ ነው፤ ሳይንስ የራሱን ጉድለት ቆጥሮ አደባባይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ እኔም ስለ ናኖ አዲስ ነገር ስሰማ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ደረሰ ወይ? ደርሶ ሠራ ወይ? ሠርቶስ የሰውዬውን ዕድሜ አረዘመ ወይ? አንዱን የመለሰ ሦስቱንም እንደመለሰ አይቆጠርም።

ጋሼ፦ በይ በዚህ ሚዛን ወርቁን መዝኚልኝ።

እኔ፦ ሙከራው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሲሆን ውጤቱ በ2021 ወጣ። የወርቋ ኳስ ዙሪያዋን እንደ ጃርት እሾህ የአር ኤን ኤ ክሮች ተተክለውባታል። የዕጢው ህዋስ «አልሞትም» የሚያሰኘው አንድ ጂን አለው፤ ክሮቹ የዚያን ጂን መልእክት ከመነበቡ በፊት ያስቆርጡታል።

ጋሼ፦ ታዲያ ወርቁ ራሱ አይገድልም?

እኔ፦ አይገድልም፤ ክሮቹን ተሸክሞ ያሻግራል።

ጋሼ፦ ቅኔው ተገልብጧል እኮ! ወርቁ ሰም ነው፤ ክሩ ነው ወርቁ። ቀጥይ።

እኔ፦ ዕጢያቸው ተመልሶ ያደገባቸው ስምንት ሰዎች ቅንጣቱን በደም ሥር ወሰዱ። ከዚያ በቀናት ውስጥ ሊደረግላቸው የታቀደው ቀዶ ሕክምና ተደረገ፤ የወጣው ዕጢ ውስጥ ወርቅ ተፈለገ፤ ተገኘም፣ የዕጢው ህዋሳት ውስጥ ሳይቀር። ያ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲንም ቀንሶ ታየ። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት አላስከተለም።

ጋሼ፦ ደረሰ። መሥራቱንም ምልክት አሳየ። ሦስተኛውስ?

እኔ፦ ሦስተኛውን አልጠየቀም። በስምንት ሰው ሊጠየቅም አይችልም። የጥናቱ ዓላማ አደጋ የለውም ወይ፣ ይደርሳል ወይ የሚለውን ማወቅ ነበር። አባዬ ሲታመም ያ ሙከራ ተዘግቶ ነበር። ክፍት ቢሆንና ቢገባበት ኖሮም ይተርፍ ነበር የሚል ማስረጃ የለም። እውነቱ ይህ ነው ጋሼ። ያላደረግንለት ነገር የለም።

ጋሼ፦ (መነጽራቸውን አውልቀው) ጋዜጣው ዋሸኝ ማለት ነው?

እኔ፦ አልዋሸም። የመጀመሪያውን መልስ ይዞ የሦስተኛውን ርእስ ሰጠው። እንስሳት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአልቡሚን የተሠራ ናኖ ቅንጣት ከጨረር ጋር ሰጥተው ከስምንት አይጦች ሰባቱ ለረጅም ጊዜ ተረፉ። ድንቅ ሥራ ነው። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ግን ብዙ ተስፋ የቀረበት መንገድ ነው።

ጋሼ፦ በር አልከፈት ካለ፣ አጥሩን ራሱን መክፈትስ አይቻልም?

እኔ፦ ወደምወደው አመጡኝ። ፓክሊታክሰል የሚባል ኬሞ አለ፤ ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ድሮ በጉሎ ዘይት ተዋጽኦ ነበር የሚሟሟው፤ ያ ማሟሚያ ብዙ ታማሚ ላይ አለርጂ ያስነሣል። ኋላ ደማችን ውስጥ ካለው ከአልቡሚን ጋር አያይዘው 130 ናኖ ሜትር ያህል ቅንጣት አደረጉት። አብራክሳን ይባላል፤ በ2005 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። እኔ በየሳምንቱ የምበጠብጠው ነው። ነጭ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል። 20 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ሲጨመርበት ቶሎ መልቀቅ የለም፤ ዱቄቱ ላይ በቀጥታ ሳይወርድ በብልቃጡ ግድግዳ ቀስ እያለ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እየፈጀ መውረድ አለበት። ከተቻኮሉ አረፋ ይሆናል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ይተዋል፤ ዱቄቱ ይርሳል። ቀጥሎ ሳይንጡት ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ሲያበቃ ወተት ይሆናል፤ ዝቃጭ የሌለው ንጹሕ ወተት። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ናኖ የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

ጋሼ፦ ኮሎይድ ነዋ! ብርሃን ሲመታው የሚበትን ነው። ወተትም እንደዚያው ነው። እና ያ ወተት ወደ አንጎል ይገባል?

እኔ፦ ብቻውን አይገባም። ቀዶ ሐኪሞቹ ዕጢውን ካወጡ በኋላ፣ ከራስ ቅሉ አጥንት ባነሡት ቦታ ዘጠኝ የአልትራሳውንድ ምንጭ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይተክላሉ። ታማሚው ለኬሞ ሲመጣ በደም ሥሩ እጅግ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ይሰጡታል፤ መሣሪያው ለደቂቃዎች ይበራል። አረፋዎቹ ደም ሥሩ ውስጥ በድምፁ ሞገድ ይርገበገባሉ፤ የተጣበቀው ግድግዳ ይላላል። ሰውዬው ነቅቶ እያወራ ነው ይህ ሁሉ የሚደረገው። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ሙከራው ውስጥ የገቡት 17 ሰዎች ነበሩ፤ ይህም ኖርዝዌስተርን ነው። ሞገዱ የነካው የአንጎል ክፍል ላይ የፓክሊታክሰሉ መጠን ካልነካው 3.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አጥሩ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአብዛኛው ተመልሶ ይዘጋል።

ጋሼ፦ መዘጋቱ ጥሩ ነው?

እኔ፦ በጣም። አጥሩ ጠላት አይደለም ጋሼ። ደማችን ውስጥ ከሚዞረው መርዝና ጀርም አንጎላችንን የጠበቀው እሱ ነው። ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን እኔና እርስዎ ይህን አናወራም ነበር። የሚፈለገው መድኃኒቱ ሲመጣ ከፍቶ፣ ሲያልፍ መዝጋት ነው።

ጋሼ፦ ደረሰ። ሦስተኛውስ?

እኔ፦ (ሳቅሁ) ተማሪዬ በረታ። ይህም የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ ዕድሜ ያረዝማል ወይ የሚለው ብዙ ሰው በገባበት፣ ማነጻጸሪያ ባለው ሙከራ ነው የሚመለሰው። ግን ልብ ይበሉ፤ ያ ቁጥር የተለካው በአይጥ ሳይሆን በሰው አንጎል ውስጥ ነው። ዳር ላይ ያለው፣ አባዬን የወሰደው ክፍል ላይ መድኃኒት ማድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ጋሼ፦ ሌላስ መንገድ አለ? ወርቅ ከሆነ፣ ብረትም ይኖራል።

እኔ፦ አለ፤ በርሊን ውስጥ የተሞከረ። የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይወጋል። ከዚያ የታማሚው ራስ በሰከንድ 100,000 ጊዜ አቅጣጫውን በሚቀያይር ማግኔት ውስጥ ይገባል፤ ቅንጣቶቹ ይሞቃሉ፣ ዕጢውን ከውስጥ ያግሉታል። በ2010 አውሮፓ ፈቀደው። በ2011 በወጣው ጥናት 59 ዕጢያቸው የተመለሰባቸው ሰዎች ከጨረር ጋር ታክመው፣ ዕጢው ከተመለሰበት ቀን አንሥቶ ግማሾቹ 13.4 ወር ደርሰዋል። ለዚህ ሕመም ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን ያንኑ ሕክምና ያላገኘ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ዋጋም አለው። ጥርስ ላይ የብረት ሙሌት ያለው ሰው ቀድሞ ማስወጣት አለበት። ብረቱ አንጎል ውስጥ ስለሚቀር ከዚያ በኋላ ዕጢውን በኤምአርአይ መከታተል ያስቸግራል።

ጋሼ፦ አንዱን በር ስትከፍቺ ሌላው ይዘጋል።

እኔ፦ ስለዚህ ነው ሐኪም ከታማሚው ጋር ቁጭ ብሎ ሁሉንም መናገር ያለበት።

ጋሼ፦ እዚህ አገርስ? ይህ ሁሉ የሚደርሰው መቼ ነው?

እኔ፦ ናኖው ከመድረሱ በፊት መድረስ ያለበት አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች መሠልጠን የጀመሩት በ2006 ነው፤ ከኖርዌይ ከቤርገን የመጡ ሐኪሞች አብረው ደክመውበታል። ዛሬ እዚሁ የተማሩ ሐኪሞች የአንጎል ዕጢ ያወጣሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨረር ግን ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውን ያውቁታል። አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል፤ ገና ብዙ ይቀራል። ኤምአርአይ፣ የወጣውን ዕጢ የሚመረምር ፓቶሎጂስት፣ የጨረር መሣሪያ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት፤ እነዚህ በሌሉበት የወርቅ ቅንጣት ቢመጣ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ጋሼ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ ዛሬ ወንበር ሲያቀብል ያየሽው፣ ልጁ አንጎሉ ላይ ዕጢ አለ ተብሏል። አንድ ሰው መጥቶ «ናኖ» የተጻፈበት ጠርሙስ በብዙ ሺህ ብር ሊሸጥለት ነው። እየጠጣ ይሟሟለታል ብሎታል። ይህን ጋዜጣ ያሳየሁትም እኔ ነኝ፤ ወርቁን ሳሳየው ነው ያመነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ግሊዮብላስቶማን በጠርሙስ ተጠጥቶ የሚያድን ናኖ መድኃኒት የለም። እርስዎ የሚያውቋቸውን ሦስት ጥያቄዎች ያንን ሻጭ ይጠይቁት። እንዴት ይደርሳል? መድረሱን በምን አወቅህ? የዳኑት ሰዎች በየትኛው ጥናት ተቆጠሩ? መልስ ያለው ሰው አይቆጣም።

ጋሼ፦ ለአባትየውስ ምን ልበለው? ተስፋውን ከእጁ ነጥቄ ባዶውን ልተወው?

እኔ፦ ገንዘቡን ለምርመራውና ለቀዶ ሕክምናው እንዲያውለው ይንገሩት። ዕጢው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከአንጎል ዕጢዎች መካከል ወጥተው የሚድኑ አሉ። ስለዚህ ሐኪሙን የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ስሙ ማን ይባላል የሚለው ነው። ስሙ የሚታወቀው ናሙናው ሲመረመር ነው። ሁለተኛ፣ ምን ያህሉ ወጣ ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ጨረሩ ሳይዘገይ እንዲጀመር ወረፋውን ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ ይያዝ። ልጁ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ቃል ሲጠፋበት ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳይደበቅ።

ጋሼ፦ ለልጁስ ይነገረዋል?

እኔ፦ ስንት ዓመቱ ነው?

ጋሼ፦ ሃያ ስድስት።

እኔ፦ ይነገረዋል። ከሁላችንም በፊት ያወቀው አባዬ ራሱ ነበር። «ቃሎቼ እየሄዱ ነው» ብሎ በደብተር ላይ ይጽፋቸው ነበር፤ ማንኪያ፣ መጋረጃ፣ ሐሙስ። እኛ ስንደብቅ እሱ ብቻውን ነበር የሚቆጥረው።

(ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። ጋዜጣውን እንደነበረ አራት ቦታ አጠፉት፤ ወደ ደብተሩ ግን አልመለሱትም። የደብተሩን አንድ ባዶ ገጽ ገልጠው እርሳሱን ሰጡኝ።)

ጋሼ፦ ነገ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቴ ቤት እገባለሁ። ጥያቄዎቹን እዚህ ጻፊልኝ። ከበላያቸው ደግሞ የወንድሜን በሽታ ስም ጻፊው፤ በጉልህ።

(ጻፍኩላቸው። ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ እንደሚያስነብቡ በጣታቸው ፊደል በፊደል እየጠቆሙ አነበቡት።)

ጋሼ፦ ግ… ሊዮ… ብላስ… ቶማ። ግሊዮብላስቶማ። እንግዲህ አወቅሁህ።